ቺናማስታን ከእግሯ ጀምራችሁ እዩዋት

የቺናማስታን ሥዕል መጀመሪያ ያየ ሰው ቶሎ ብሎ ማለፍ ነው የሚያምረው። አይፈረድበትም። ራቁቷን የቆመች ቀይ ሴት የገዛ ራሷን ጭንቅላት ቆርጣ በእጇ ይዛለች፣ ከአንገቷም ደም ይፈልቃል። ስሟም በሳንስክሪት ይኼንኑ ነው የሚለው፦ «ጭንቅላቷ የተቆረጠ»። በሂንዱ ታንትራ (ምስጢራዊ በሆነው የአምልኮ መንገድ) ማሃቪድያ ከሚባሉት፣ እነ ካሊና ታራ ካሉባቸው 10 ሴት አማልክት አንዷ ናት።

ከካሊ ጋር እንዳታምታቷት። ካሊም የተቆረጠ ራስ ትይዛለች፣ ግን የጠላቷን ነው። የቺናማስታ የራሷ ነው።

ዓይናችሁ አንገቷ ላይ መሄዱ አይቀርም። መልሱትና ከታች ጀምሩ። ከእግሯ ሥር ወንድና ሴት ተቃቅፈው ተኝተዋል፤ የፍትወት አምላኩ ካማና ሚስቱ ራቲ ናቸው። አንዳንዶች «ፍትወትን ረግጣ አሸነፈች» ብለው ይተረጉሙታል። ሌሎች ደግሞ የለም፣ ኃይሏ ከእነሱ ነው ወደ ላይ የሚወጣው ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ሰዎቹን ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው የተረገጠ ሰው ፊት የላቸውም፣ ሥራቸው ላይ ናቸው።

አሁን ወደ ላይ ውጡና ደሙን ቁጠሩ። ሦስት ፈሳሽ ነው። ሁለቱ ግራና ቀኝ የቆሙት አጃቢዎቿ ዳኪኒና ቫርኒኒ አፍ ውስጥ ይገባሉ፣ ሦስተኛውን በእጇ የያዘችው ጭንቅላት ራሱ ይጠጣል። አንዱ ተረት እንዲህ ይላል፦ ሴት አምላክ ፓርቫቲ (ቺናማስታ የእሷ ሌላ መልክ ናት) ወንዝ ወርዳ ስትታጠብ አጃቢዎቿ ራበን አሏት። ትንሽ ታገሡኝ አለች። ደግመው ጠየቁ፣ ለመኑ፣ በመጨረሻ በጥፍሯ አንገቷን ቀነጠሰችና አበላቻቸው። እኛ «አንገቴን እሰጥልሃለሁ» ስንል ለወሬ ነው፣ እሷ ሰጠች። ልዩ የሚያደርጋት ግን አለመሞቷ ነው። ሰጪዋም፣ ምግቡም፣ በሊታዋም ራሷ ናት፤ ሕይወት ሕይወትን እየበላ እንደሚቀጥል በአንድ ሥዕል ማሳየት ከዚህ በላይ አይቻልም። ዮጋ የሚያውቁት በሦስቱ ፈሳሾች ውስጥ ኢዳ፣ ፒንጋላና ሱሹምና የሚባሉትን ሦስት የእስትንፋስ መስመሮች ያያሉ፤ ራሷ የምትጠጣው የመሃሉን፣ ሱሹምናን ነው።

የተቆረጠው ጭንቅላትስ? ብዙዎች «እኔ» ባይነት ነው ይሉታል። ደረቷ ላይ የተጠመጠመው እባብ ደግሞ በላይኛው ካስት (የትውልድ መደብ) ያሉ ወንዶች በትከሻቸው የሚያጠልቁት ቅዱስ ክር ቦታ ነው የገባው። ሴት ናት፣ ያውም በእባብ! ይቺን እኔ በጣም እወዳታለሁ።

ሥዕሉ አምሯችሁ ሳሎን ልትሰቅሉት ካሰባችሁ፣ ሂንዱዎቹም ቢሆኑ አስፈሪ ናት ብለው ቤታቸው ብዙም እንደማያኖሯት እወቁ። ማየት የፈለገ ሕንድ፣ ጃርክሃንድ ግዛት፣ ራጅራፓ ይሄዳል፤ ቤተ መቅደሷ የዳሞዳርና የባይራቪ ወንዞች የሚገናኙበት ላይ ነው። ፍየል ይታረድላታል፣ ስለዚህ ደም ማየት የማይሆንላችሁ ከወንዙ ዳር ብትጠብቁ ይሻላል።