ትንንሽ ዱባ በጓሮ ከዘር ማሳደግ

ትልቅ ዱባ ሐረጉ ግቢውን ይወርሳል። ከተቆረጠ በኋላም ግማሹ ፍሪጅ ውስጥ ይሻግታል። ለጠባብ ጓሮ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ የሚመዝነው፣ አንድ ድስት ወጥ የሚወጣው ትንሹ ይሻላል።

ዘሩን ከዘር መሸጫ ግዙ። ከበላችሁት ዱባ ማስቀረትም ይቻላል፤ ግን አጠገቡ ዝኩኒ ወይም ሌላ ዓይነት ዱባ ከነበረ ምን እንደሚወጣላችሁ አይታወቅም።

ዱባ ውርጭ አይችልም። አዲስ አበባ አካባቢ ከሆናችሁና የምታጠጡት ውሃ ካለ የካቲት ላይ ዝሩ፤ አበባው ከሐምሌ ዶፍ በፊት ይደርሳል። ፀሐይ የማይለየው ቦታ ላይ ክንድ ያህል ስፋት ቆፍራችሁ፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። በየጉድጓዱ ሦስት ፍሬ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩ። በጉድጓዶቹ መሃል አንድ ሜትር ተኩል ይኑር። ጭቃ እስኪሆን ካጠጣችሁት ዘሩ ይበሰብሳል። በሳምንት፣ ከበረደ በሁለት ሳምንት ብቅ ይላል። ሻካራ ቅጠል ሲያወጡ ጠንካራዋን አስቀርታችሁ ሌሎቹን በመቀስ ቁረጡ፤ ከነቀላችኋቸው የቀሪዋ ሥር ይነካል። ውሃ ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ።

ዋናው ጣጣ አበባው ላይ ነው። ልጅ ሳለን ለጋ ዱባ ላይ ጣት መቀሰር ክልክል ነበር፤ “ይረግፋል!” ይሉናል። እውነትም ይረግፋል፣ ጥፋቱ ግን የጣት አይደለም። መጀመሪያ የሚፈኩት በቀጭን ዘንግ ላይ የቆሙት ወንዴ አበቦች ናቸው። ሴቴዋ ዘግይታ ትመጣለች፤ ከሥሯ የጣት ጫፍ የምታህል ዱባ አለች። የምትከፈተው ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው። ያን ቀን ንብ ካልጎበኛት ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ትወድቃለች። እኔ ንብ አልጠብቅም። አንድ ሰዓት ላይ ወንዴውን ቆርጬ፣ አበባውን ገፍፌ፣ ዱቄቱን ሴቴዋ መሃል እቀባለሁ። ቁርስ ስቀርብ ጣቴ ቢጫ ነው።

ከተዘራ 100 ቀን ገደማ፣ ደጋ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ልጡን በጥፍር ጫን በሉት፤ ካልተበሳ ደርሷል። አራት ጣት ያህል እጀታ አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ አስር ቀን ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ከዚያ ነፋሻ ቦታ አስቀምጡ። እጀታው የወለቀው ቶሎ ስለሚበላሽ ወጥ የሚሠራው መጀመሪያ በእሱ ነው።