የተደበላለቁ የቀን አጻጻፎችን ወደ ኤክሴል ማስገባት

ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰበ የሲኤስቪ ፋይል (መረጃዎቹ በኮማ የተለያዩበት የጽሑፍ ፋይል) በቀጥታ ሲከፈት፣ ኤክሴል ቀኖቹን በኮምፒውተሩ የአካባቢ ቅንብር ስለሚተረጉም፣ ከለንደን የተላከው 03/04/2024፣ ማለትም ኤፕሪል 3፣ በአሜሪካ ቅንብር ማርች 4 ይሆናል። 25/04/2024 ግን 25ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀርና ራሱን ያጋልጣል፤ አደገኛው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የተገለበጠው ነው።

ስለዚህ ፋይሉን «ዳታ» በሚለው ትር ሥር «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» በሚለው በኩል ያስገቡ፤ «ትራንስፎርም ዳታ»ን መርጠው የቀኑን ዓምድ መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ ይመልሱ፤ ቀጥሎም «ዩዚንግ ሎኬል» በሚለው ምርጫ የላኪውን አገር ይንገሩት። አንዱ ዓምድ የብዙ አገሮችን ቀን ከያዘ፣ የእያንዳንዱን ምንጭ ረድፎች ለይተው ከቀየሩ በኋላ ያዋህዷቸው። ምንጩ ካልታወቀ ላኪውን መጠየቅ እንጂ መገመት አይገባም።

የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 «05/13/2016» ተብሎ ከተጻፈ፣ በአሜሪካ ቅንብር ሜይ 13 ቀን 2016 ተብሎ ይነበባል፤ ትክክለኛው ግን ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ነው። እንዲህ ያሉትን ቀኖች አስቀድመው ወደ ጎርጎርዮሳዊው ቀይረው 2024-09-10 በሚለው ቅርጽ ይጻፏቸው፤ የመጀመሪያውን ዓምድም ለማመሳከሪያ ሳይሰርዙ ያቆዩት።