ከጎጃም በ160 ሜትር ባንድ ሩቅ ለመድረስ፦ ሥራው ያለው ምድር ላይ ነው

አማተር ሬዲዮኞች 160 ሜትር በሚሉት ባንድ፣ ለምሳሌ በ1.83 ሜጋኸርዝ፣ አንድ ሞገድ 164 ሜትር ይረዝማል። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። አግድም የተዘረጋ ዳይፖል (ኬብሉ መሐሉ ላይ የሚገናኝበት የሽቦ አንቴና) ሞገዱን ወደ አድማስ ዝቅ አድርጎ እንዲልክ 80 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት። 20 ሜትር ባሕር ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ጉልበቱ ሽቅብ ይወጣል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባን ለማነጋገር ይበጃል፤ ጃፓን ለመድረስ ግን አይሆንም። ለሩቅ የሚሻለው ቁም አንቴና ነው፤ ከዚያም ውስጥ በአገራችን ዛፍ የሚሠራው የተገለበጠ ኤል።

2.5 ካሬ የቤት ኤሌክትሪክ ሽቦ 41 ሜትር ቁረጡ። 18 ሜትሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የቀረው ወደ ሁለተኛው ዛፍ አግድም ይሄዳል። ሽቦውን ከቅርንጫፍ ጋር አትሰሩት፤ ባሕር ዛፍ በነፋስ ሲወዛወዝ ይበጥሰዋል። ጫፉ ላይ ቁራጭ የፕላስቲክ ቧንቧ እንደ ማገጃ አድርጉና ከሱ የሚነሳውን የናይሎን ገመድ በመዘውር አሳልፋችሁ 10 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን አንጠልጥሉበት። ዛፉ ሲሄድ ጀሪካኑ ይወጣል፣ ሲመለስ ይወርዳል። ጫፉ በ100 ዋት እንኳ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚይዝ ቅጠል አይንካው፤ ሰውም አይድረስበት። ርዝመቱን ስታስተካክሉ ከጫፉ 1 ሜትር ብትቀንሱ ወደ 45 ኪሎኸርዝ ከፍ ይላል፤ 20 ሳንቲ ሜትር እየቀነሳችሁ ለኩ።

አሁን ብዙዎችን ወደሚያታልለው ነገር እንምጣ። አራት ራዲያል (ከአንቴናው ሥር በየአቅጣጫው መሬት ላይ የሚዘረጋ ሽቦ) ብቻ ዘርግታችሁ ብትለኩ ኤስደብሊውአሩ (አንቴናው ከኬብሉ ጋር ምን ያህል እንደተጣጣመ የሚያሳየው ልኬት) ፍጹም የሚባለው 1 ለ 1 ሊሆን ይችላል። ደስ አይበላችሁ። የዚህ ቁመት አንቴና የራሱ የጨረር ተቃውሞ (ጉልበቱን ወደ ሞገድ የሚለውጠው ክፍል) 17 ኦም አካባቢ ነው። ሜትሩ 50 ካሳየ የቀረው 33 ኦም የአፈሩ ነው፤ ከ100 ዋቱ 66ቱ አፈር ያሞቃል ማለት ነው። ራዲያል ስትጨምሩ ተቃውሞው ወደ 25 ይወርዳል፣ ኤስደብሊውአሩ ወደ 2 ይወጣል፣ የሚወጣው ጉልበት ግን እጥፍ ይሆናል። ልዩነቱን 3 ለ 2 ዙር ባለው የፌራይት ትራንስፎርመር ከሥሩ ማስታረቅ ይቻላል።

30 ራዲያል በ20 ሜትር ርዝመት 600 ሜትር ሽቦ፣ ማለትም ባለ 100 ሜትር ስድስት ጥቅል ይፈጃል። ሽቦ ካነሰ ቁጥሩን ሳይሆን ርዝመቱን ቀንሱ፤ ጥቂት ረጃጅም ከብዙ አጫጭር ያንሳሉ። መሬት ላይ ስለሚተኙ ርዝመታቸውን በሞገዱ ልክ ማስተካከል አያስፈልግም። ስምንት ስምንት እየጨመራችሁ በናኖቪኤንኤ (በትንሿ የአንቴና መለኪያ) ለኩ፤ ለውጡ ከ1 ኦም ሲያንስ ይበቃል። ዋልካ መሬት ከቀይ አፈር የተሻለ ያስተላልፋል። ቀይ አፈር በበጋ ሲደርቅ የክረምቱ ልኬት ስለማይሠራ በጥር እንደገና ለኩ።

ቦታው የጤፍ ማሳ ከሆነ ወቅቱ ራሱ ያግዛል። ዝቅተኛ ባንድ የሚሰማው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ያኔ ጤፉ ታጭዶ መሬቱ ባዶ ነው። ከብቶች ቃርሚያ ሲግጡ እግራቸው እንዳይጠላለፍ ራዲያሉን በየ1.5 ሜትሩ በቆልማማ ሽቦ ቸንክሩት። በክረምት ደግሞ የነጎድጓዱ ጩኸት ባንዱን ይሸፍነዋል፤ ያን ጊዜ ኮአክሲያሉን (ከአንቴናው የሚመጣውን ኬብል) ከሬዲዮው ነቅላችሁ ከቤት ውጭ አውጡት።

ለማዳመጥ ግን ይህ ቁም አንቴና ጥሩ አይደለም፤ ዙሪያውን ያለውን ጫጫታ ሁሉ ይሰበስባል። ለብቻው 170 ሜትር የቤቨሬጅ ሽቦ (በተዘረጋበት አቅጣጫ የሚመጣውን አጉልቶ የሚሰማ ረጅም የማዳመጫ አንቴና) በ2.5 ሜትር ከፍታ ዘርጉ። አቅጣጫው ከሰሜን ወደ ምዕራብ 35 ዲግሪ ዘንበል ያለ ይሁን፤ አውሮፓም የአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍም ከዚህ መስመር ብዙ አይርቁም። ሰሜን ምዕራብ ጫፉ በ470 ኦም የካርቦን ሬዚስተር ከመሬት ዘንግ ጋር ይገናኝ። የሽቦ ጥቅል ሬዚስተር ኢንዳክታንስ ስላለው አይሆንም። በሌላው ጫፍ ተቃውሞን 9 ለ 1 የሚለውጥ ትራንስፎርመር ይግባ። ከሽቦ አጥር ጎን ለጎን አታስኪዱት፤ ከማስተላለፊያው አንቴናም ቢያንስ 30 ሜትር አርቁት። ጫጫታው ከቤት መሆኑን ለማወቅ ሬዲዮውን በ12 ቮልት ባትሪ እያስኬዳችሁ የቤቱን ዋና ማብሪያ አጥፉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የኤልኢዲ አምፖል ወይም የሶላር ቻርጀር ነው።

በታኅሣሥ ጃፓንን ከፀሐይ መግቢያ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል፣ አሜሪካን ከዚያ በኋላ እስከ ጎሕ ጠብቁ። አውሮፓ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ይሰማል።

ማሳው ሳይታረስ ራዲያሉን አንሡ፤ ማረሻ አንዴ ከገባበት የሚተርፍ የለም። ስትጠቀልሉ እያንዳንዱን ለየብቻ አድርጉ፤ 30ው አንድ ላይ ከተጠቀለለ ለመፍታት ሙሉ ቀን ይፈጃል።