ከልጆች ጋር ጀርመን ለገባችሁ፦ ቀጠሮ፣ ካላንደርና የእኛ በዓላት

አገር ቤት «ሲደርስ እናያለን» ብለን ብዙ ነገር እንሻገራለን። ዘመድ ሳይጠራ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ እናት ሥራ ሲበዛባት ልጁን ጎረቤት ትይዘዋለች። ጀርመን ስትገቡ ያቺ ጎረቤት የለችም። በእሷ ቦታ ያሉት ኪታው (የሕፃናት መዋያው)፣ ሐኪሙና ትምህርት ቤቱ ናቸው፤ እነሱ ዘንድ ደግሞ ያለ ተርሚን፣ ማለትም ያለ ቀጠሮ አይገባም። እኛ ስንዘገይ የሚጎዳው ልጁ ስለሆነ፣ ይህን ነገር ቶሎ ብትለምዱት እወዳለሁ።

ከኪታ ልጀምር። ልጅ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ የመዋያ ቦታ የማግኘት መብት አለው። ሕጉ ከፈረንጆቹ ነሐሴ 2013 ጀምሮ የሚሠራ ነው። መብቱ ቢኖርም በትልልቅ ከተሞች ወረፋው ረጅም ነው፤ ስለዚህ አድራሻችሁን እንዳስመዘገባችሁ ወዲያው የልጁንም ነገር ጀምሩ። አንድ ኪታ ብቻ ይዛችሁ አትጠብቁ።

ቦታ ሲገኝ ደግሞ ልጁን በር ላይ አድርሶ መሄድ የለም። «አይንገቨኑንግ» የሚባል የማለማመጃ ጊዜ አለ። መጀመሪያ እናት ወይም አባት ክፍሉ ውስጥ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ልጁ ይጫወታል፣ ዞር ብሎ ያያል፣ ተመልሶ ይጫወታል። ከቀናት በኋላ ወላጁ ተሰናብቶ ለጥቂት ደቂቃ ይወጣል። ልጁ ካልተረበሸ ሰዓቱ እየረዘመ ይሄዳል። ይህ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ አዲስ ሥራ ወይም የቋንቋ ኮርስ ኪታው በሚጀምርበት ሳምንት አትያዙ፤ ከተቻለ አንድ ወር ያህል ክፍተት ተዉ። በእኔ እምነት እዚህ ካየሁት ሥርዓት ሁሉ ለልጅ የታሰበበት ይሄ ነው። ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅማ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ኪታው በዓመቱ የሚዘጋባቸውን ቀናት ዝርዝርም ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ ከአሠሪያችሁ ጋር ፈቃድ የምትነጋገሩት በሱ ነው።

ሰዓት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጀርመኖች «ሃልብ ኖይን» ሲሉ 8፡30 ማለታቸው ነው፤ በእኛ ጠዋት 2፡30 መሆኑ ነው። 9፡30 መስሏችሁ ከሄዳችሁ ቀጠሮው አልፏል። ሰዓቱን በቁጥር አስጽፉ፤ ስልካችሁ ላይም እንደተጻፈው አስገቡት።

የልጅ ሐኪም ዘንድ ከውልደት እስከ አምስት ዓመት ገደማ ከኡ1 እስከ ኡ9 የሚባሉ ምርመራዎች አሉ። ቢጫ ደብተር ላይ ይመዘገባሉ፤ እያንዳንዱም የተወሰነለት ዕድሜ አለው። ከአንዱ ስትወጡ የሚቀጥለውን ተርሚን እዚያው ያዙ። መሄድ ካልቻላችሁ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ደውሉ። ልጁ ማታ ወይም እሁድ ቢያመው የተረኛ ሐኪም ስልክ 116117 አለ፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ የሚደወለው 112 ነው። የኪንደርጌልድ፣ መንግሥት ለልጅ በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ፣ ማመልከቻም አያድርም። መብቱ ላላችሁ ወደኋላ ተመልሰው የሚከፍሉት የ6 ወር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ልደት። ልጃችሁ አንድ ቀን በቀለም የተሣለ ካርድ ይዞ ይመጣል። ከ15፡00 እስከ 18፡00 ይላል፤ እስከዚህ ቀን መልስ ስጡ ይላል። የማብቂያ ሰዓት ያለው ግብዣ ለእኛ ሰው ግር ይላል፤ እንግዳን «በቃ ሂድ» እንደማለት ይሰማል። እነሱ ግን ክፉ አላሰቡም። ኬኩም ጨዋታውም በተጠሩት ልጆች ልክ የተዘጋጀ ነው። በቀኑ መልስ ስጡ፣ ያልተጠራ ታናሽ ወንድም አታስከትሉ፣ 18፡00 ላይ በሩ ላይ ተገኙ። ዘግይታችሁ ስትደርሱ ጫማውን አድርጎ ብቻውን የሚጠብቀው የእናንተው ልጅ ነው። አንዲት እናት «ልጆቹ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ይጫወቱ» ብትላችሁም አትቀየሙ። ካላንደሯ ላይ ከጻፈቻችሁ ከልቧ ነው። በእኛ ቤት ድንገት ብቅ ማለት ግን አይቅር። ከሐበሻ ጎረቤት ጋር እንደ ጥንቱ ኑሩ፤ ልጆች ያንንም ማወቅ አለባቸው።

አገር ቤት ለመሄድ ስታስቡ መጀመሪያ የክፍለ ግዛታችሁን የትምህርት ቤት ዕረፍት እዩ፤ ቀኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ትኬት ረከሰ ብሎ ከዕረፍቱ ሁለት ቀን አስቀድሞ ልጅን ይዞ መብረር ያስቀጣል። ስለዚህ የክረምቱን ትኬት ገና በጊዜ ቁረጡ።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ፣ ዓመቱ ሲጀመር ካላንደሩ ላይ መጀመሪያ የእኛን በዓላት ጻፉ። ገና ጃንዋሪ 7 ሲውል እዚህ ብዙውን ጊዜ ትምህርት አለ። ፋሲካ በ2025 ከእነሱ ጋር ገጥሞ ኤፕሪል 20 ነበር፤ በ2027 ግን የእነሱ ማርች 28፣ የእኛ ሜይ 2 ነው። ስቅለት እንግዲህ የትምህርት ቀን ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ለሃይማኖት በዓል ልጁ እንዲቀር ቀደም ብሎ በጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። የልጁን ስም፣ ክፍሉን፣ ቀኑንና በዓሉን ጽፋችሁ ለክፍል መምህሩ ከሳምንታት በፊት ስጡ። ለኢድ የምትጽፉ ወላጆች፣ ቀኑ በጨረቃ ስለሚወሰን ሊውል የሚችልባቸውን ሁለቱንም ቀናት ጥቀሱ።