ከስብሰባው በፊት በር ይንኳኳ፦ ተከራዮች ከሰፈራቸው እንዳይገፉ እንዴት ይደራጁ?

ኪራይ በአንድ ጊዜ በብዙ ሲጨመር፣ አከራዩ ውል አላድስም ሲል፣ ጥገና ሆን ተብሎ ሲጓተት፣ ሦስቱም ባንድ ሰፈር ከተገጣጠሙ ነባሩን ነዋሪ አስወጥቶ ገንዘብ ያለውን የማስገባት ሥራ ተጀምሯል ማለት ነው። ሶሲዮሎጂስቷ ሩት ግላስ እ.ኤ.አ. በ1964 ጀንትሪፊኬሽን የሚል ስም ያወጣችለት ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው ያኔ ቶሎ ስብሰባ ይጠራል። አትጥሩ። ማን የት እንደሚኖር ሳይታወቅ የተጠራ ስብሰባ ላይ ሃያ ሰው ብሶቱን አውርቶ ይበተናል፤ በሳምንቱ አምስትም አይመጣም።

መጀመሪያ ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ በር አንድ መስመር ይሰጠዋል፤ የቤት ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ፣ ያምናውና የዘንድሮው ኪራይ፣ ውሉ በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል፣ መቼ ያበቃል፣ ደረሰኝ አለ ወይ፣ ምን ተበላሽቷል። በመጨረሻው ዓምድ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ይጻፍ። 1 ሌላ ሰው የሚያስተባብር፣ 2 የሚፈርም፣ 3 የሚያመነታ፣ 4 የማይፈልግ ነው። ሰው ላለማስከፋት 4ን 3 ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም፤ ኋላ ላይ ቆጠራውን የሚያበላሸው ግን ይኸው ነው። ደብተሩን ሁለት ሰው ብቻ ይያዘው። ፎቶው በቴሌግራም ከዞረ አከራዩ እጅ መግባቱ አይቀርም።

በር ስታንኳኩ ሁለት ሁኑ፤ አንዱ ያውራ፣ ሌላው ይጻፍ። የሚያወራው የዚያው ሕንፃ ነዋሪ ቢሆን ይመረጣል። «ስለ ኪራዩ ምን ይላሉ?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። የጀማሪ ትልቁ ስሕተት ማስረዳት ነው። ሃያ ደቂቃ ከቆያችሁ አሥራ አምስቱን ተከራዩ ያውራበት። ጭማሪውን እናስቀራለን ብላችሁ ቃል አትግቡ። ነገር ግን አንድ ነገር ሳትጠይቁ አትውጡ፤ «ሐሙስ ማታ ጎረቤትዎን ይዘው ይመጣሉ?» በቂ ነው። ሐሙስ ጎረቤት ይዘው ለመጡት በደብተሩ 1 ይጻፍላቸው፤ ሌላው ግምት ነው።

ከዚያ ለስምንት ወይም ለአሥር በር አንድ ተጠሪ ይመረጥ። ድምፁ የሚበልጠውን ሳይሆን ጎረቤት ራቅ ወዳለ ቦታ ሲሄድ ቁልፍ የሚያስቀምጥበትን ሰው ፈልጉ።

ትልቁን ጥያቄ ከማንሳታችሁ በፊት ኃይላችሁን በትንሽ ነገር ፈትኑ። የደረጃው መብራት ይሠራ ወይም የሚያፈስ ቧንቧ ይጠገን የሚል አንድ ገጽ ጻፉ፤ የሚወስነው ሰው ስምና መልስ የሚጠበቅበት ቀን ይኑርበት። ከአሥር በር ሰባቱ ከፈረመ ወደ ኪራዩ ማለፍ ይቻላል። ሦስት ብቻ ከፈረመ ተመልሳችሁ አንኳኩ፤ ለመብራት ያልፈረመ ሰው የማስወጫ ደብዳቤ ሲመጣ አይቆምም። «ፍትሕ እንፈልጋለን» የሚል ጽሑፍም አይረባም፤ አከራዩ እሺም እንቢም ሊለው አይችልም።

ማኅበር የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ ከውስጥ ነው። አከራዩ ጠንካራውን ሰው ለብቻው ጠርቶ ለእሱ ብቻ ቅናሽ ያደርግለታል። ስለዚህ ይህ ከመምጣቱ በፊት ደንብ አውጡ፦ ለድርድር ከሦስት ሰው ያነሰ አይሄድም፣ የቀረበ ወረቀት በዕለቱ አይፈረምም።

ኪራይ አለመክፈል የመጨረሻው መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በስኮትላንዷ ከተማ በግላስጎው እንደ ሜሪ ባርበር ያሉ የሰፈር ሴቶች ያስተባበሯቸው ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ቤተሰቦች እንቢ ያሉት ጭማሪውን ነበር። አስወጪዎች ሲመጡ ደረጃ ላይ የምትጠብቅ ሴት ደወል ትደውላለች፤ ሌሎቹ ሴቶች የያዙትን ጥለው ይወጣሉ። በዚያው ዓመት ኪራይ ከጦርነቱ በፊት ከነበረበት መጠን እንዳያልፍ የሚያግድ ሕግ ወጣ። በብዙ አገር ግን አለመክፈል ብቻውን ለማስወጣት በቂ ምክንያት ነው። ሕግ አዋቂ ሳታማክሩ አትጀምሩ፤ የአገሩ ሕግ ከፈቀደ ያልተከፈለው ገንዘብ በጋራ ፊርማ በሚወጣ ሒሳብ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ጥረት ጊዜ ለማግኘት ይረዳል እንጂ ቤቱን አያቆይም። ለዘለቄታው መሬቱ ከገበያ መውጣት አለበት። አንዱ መንገድ የማኅበረሰብ የመሬት አደራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ጆርጂያ የተጀመረ አሠራር። መሬቱ የአደራው ይሆናል፣ ቤቱ የነዋሪው፤ የመሬቱ ኪራይ ውል አብዛኛውን ጊዜ 99 ዓመት ነው። በተለመደው አወቃቀር ከቦርዱ አንድ ሦስተኛው የአደራው ቤቶች ነዋሪ፣ አንድ ሦስተኛው የአካባቢው ሰው፣ ቀሪው ባለሙያና የሕዝብ ተወካይ ነው። የቤቱ መሸጫ ዋጋ በቀመር ይወሰናል። በ100 ሺህ የተገዛ ቤት 160 ሺህ ቢገመትና ሻጩ ከጭማሪው ሩቡን እንዲወስድ ከተስማማችሁ የሚሸጠው በ115 ሺህ ነው፤ ቀጣዩ ገዢም ይችለዋል። ጠብ የሚነሳው ሻጩ ራሱ ባሠራው ወጥ ቤት ወይም ጣሪያ ላይ ነው። የትኛው ማሻሻያ በዋጋ ላይ እንደሚደመር፣ በደረሰኝ ይሁን በገማች፣ የመጀመሪያው ቤት ከመሸጡ በፊት ውሉ ውስጥ አስገቡት።