ኤክስቴንሽኑን ስልክዎ ራሱ ይደውልልዎት

አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሲደውሉ ማሽኑ ያነሳና “የውስጥ መስመሩን የሚያውቁ ከሆነ አሁን ያስገቡ” ይላል። ይህ የውስጥ መስመር ቁጥር (ኤክስቴንሽን) ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ የት እንዳለ እንጃ። ይህን ሥራ ለስልክዎ መስጠት ይችላሉ። አፕ መጫን አያስፈልግም። ሁለት ምልክት ማወቅ ይበቃል።

ኮማ (,) ስልኩ ከተነሳ በኋላ 2 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ቀጣዩን ቁጥር ይልካል። ሴሚኮለን (;) ደግሞ እርስዎ እስኪያዙት ይጠብቃል።

1. ኮንታክቱን ለማስተካከል ይክፈቱና ከስልክ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ይቁሙ።

2. ምልክቱን ያስገቡ። አይፎን ላይ +*# የሚለውን ቁልፍ ሲነኩ “ፖዝ” እና “ዌይት” ይመጣሉ፤ ፖዝ ኮማው ነው፣ ዌይት ሴሚኮለኑ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮችም የምልክት ቁልፉ ውስጥ አሉ። ካጧቸው መደወያው ላይ ቁጥሩን ጽፈው ኮከቧን (*) ጫን አድርገው ሲይዙ ኮማ፣ መሰላሉን (#) ሲይዙ ሴሚኮለን ይወጣል። ከዚያ ቁጥሩን ወደ ኮንታክት ይመዝግቡት። የአማርኛው ነጠላ ሰረዝ (፣) ግን አይሠራም።

3. ኤክስቴንሽኑን ያስከትሉ። ለምሳሌ፦ +12025550143,,204

4. ሴቭ አድርገው ይሞክሩት።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። አንዳንድ ማሽን ሰላምታውን ሳይጨርስ ቁጥር አይቀበልም። ቁጥሩ ቀድሞ ከሄደ አንድ ኮማ ይጨምሩ፤ አሁንም ከቀደመ ሌላ። “ቋንቋ ይምረጡ” የሚልም ካለ በመሃል ያስገቡት፦ ,,2,,,204። ማሽኑ መጨረሻ ላይ መሰላል የሚፈልግ ከሆነ # ያክሉ። የስልክ ስብሰባ ኮድ ላይ ይህ የተለመደ ነው።

ማሽኑ አንዳንዴ ፈጥኖ፣ አንዳንዴ ዘግይቶ የሚያስገባ ከሆነ ከኮማ ጋር አይታገሉ። ሴሚኮለን ያድርጉና ተራው ሲደርስ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ቁልፍ ይንኩ። እኔ ሁልጊዜ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

አሜሪካ ሆነው በካርድ ወደ አገር ቤት ለሚደውሉም ትልቅ እፎይታ ነው፦ የካርዱ መደወያ ቁጥር፣ ሴሚኮለን፣ ፒን፣ ሴሚኮለን፣ ከዚያ 011251 ብሎ የዘመድ ቁጥር። እዚህ ላይ የሚያምታታ ነገር አለ። የፊተኛው 011 ከአሜሪካ መውጫ ነው። የአዲስ አበባው 011 ደግሞ ዜሮው ወድቆ ከ251 በኋላ 11 ብቻ ሆኖ ይገባል።

የካርድ ፒን ቢሰረቅ የሚጠፋው ካርዱ ውስጥ የቀረው ሒሳብ ነው። የባንክ ሚስጥር ቁጥርን ግን በምንም ተአምር ኮንታክት ውስጥ አያስቀምጡ፤ ኮንታክትዎ ኢንተርኔት ላይ ባክአፕ የሚደረግ ከሆነ አብሮ ይሄዳል።

እንደ *804# (የኢትዮ ቴሌኮም ሒሳብ ማወቂያ) እና *127# (ቴሌብር) ላሉ ኮዶች ይህ ዘዴ አይሠራም። እነሱ የድምፅ ጥሪ ስላልሆኑ ኮማና ሴሚኮለን አይገባቸውም። ኮዱን እንዳለ ኮንታክት አድርገው መመዝገብ ግን ይችላሉ፤ የሚከተሉትን ምርጫዎች በእጅ ያስገባሉ።