ያረጀ ሬንጅ ሮቨር ወይም ዲስከቨሪ ደሴ ላይ ለሚነዱ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጋራዥ በር ላይ ሆዱ መሬት ነክቶ የቆመ ሬንጅ ሮቨር አይተው ያውቁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ለዚያ ያበቃው ዕድሜው ብቻ አይደለም። የተበላሸው ዕቃ ተቀይሮ፣ ያበላሸው ነገር ሳይነካ በመቅረቱ ነው። ባለቤቱ ገንዘቡን ይጨርሳል፤ መኪናው ግን እዚያው ነው።

እዚህ የማነሳቸው በዋናነት ሁለት ናቸው፦ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1994 እስከ 2001 የተመረተው ሁለተኛው ሬንጅ ሮቨር፣ እና ከ2004 እስከ 2009 የተመረተው ዲስከቨሪ 3። ሁለቱም ምቾታቸው የሚያስደስት፣ አቅማቸውም የሚያስተማምን መኪናዎች ናቸው። ማዳን ይቻላል።

ሞተሩ ሞቆ የጠበቀዎትን መኪና መግዛት

ደላላው «ይምጡ፣ አስነስተን እየጠበቅንዎት ነው» ካለ ቀጠሮውን ይቀይሩ። ጠዋት ይሁን፤ ከማታ ጀምሮ ማንም እንዳያስነሳው ይንገሩ። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ። ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ከዚያ ራቅ ብለው ቁመቱን ይዩ። አንዱ ጥግ ዝቅ ብሎ ካደረ መኪናው የሚቀመጥበት የአየር ከረጢት ያፈስሳል።

በደሴ ብርድ ጠዋት ከጭስ ማውጫው ትንሽ ተን ቢወጣ አይደንግጡ። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኩላንት፣ ማለትም የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ እየተቃጠለ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ ሻጮች «ነገ አያገኙትም» ማለት ይወዳሉ። አይጣደፉ።

ኮምፕሬሰሩን ቀይሮ ቀዳዳውን መተው

ብዙ ብር የሚበላው ይሄ ነው። እነዚህ መኪናዎች በሞላ ፋንታ አየር በተሞላ የጎማ ከረጢት ላይ ነው የሚቀመጡት። ጎማው ከዓመታት በኋላ እጥፉ ላይ ይሰነጣጠቃል። አየሩ ቀስ እያለ ያመልጣል። አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰርም የጎደለውን ለመሙላት ደጋግሞ ይነሳል። ለአጭር ጊዜ እየሠራ እንዲያርፍ የተሠራ ትንሽ ዕቃ ነው። ዕረፍት ሲያጣ ይግላል፣ ውስጡ ይበላል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። ኮምፕሬሰሩ ያንኑ ግፊት ለማምጣት እዚህ ረዘም ላለ ጊዜ ይደክማል።

ባለቤቱ አዲስ ኮምፕሬሰር ያስመጣል። ይገጠማል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀዳዳው ግን አልተደፈነም። አዲሱም እንደ ፊተኛው ይቃጠላል።

ፍለጋው ግን ርካሽ ነው። መኪናውን ወደ ላይኛው ቁመት ያስነሱት፤ የከረጢቱ እጥፍ ያኔ ይገለጣል። ሳሙና በውሃ በጥብጠው ከረጢቶቹን፣ የቱቦ መጋጠሚያዎቹንና አየሩን ለየከረጢቱ የሚያከፋፍለውን የቫልቭ ብሎክ ይቀቡ። አረፋ የሚፈላበት ቦታ ላይ ችግሩ አለ። ኮምፕሬሰሩ የግድ መቀየር ካለበት ሪሌዩም፣ ማለትም የሚያበራና የሚያጠፋው የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ አብሮ ይቀየር። የተጣበቀ ሪሌይ ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኮምፕሬሰሩን ሊያሠራው ይችላል።

አንድ ምክር ልጨምር። ለዚህ ሥራ የሬንጅ ሮቨር ባለሙያ ካጡ፣ ኮምቦልቻ ወርደው የከባድ መኪና የአየር ፍሬን የሚሠራ ሰው ይፈልጉ። የጂቡቲ መስመር መኪናዎች የሚመላለሱባት ከተማ ናት። የአየር ፍሬን ሠራተኛ የሚያፈስስ መጋጠሚያ ማግኘት የዕለት ሥራው ነው።

አየሩን አስወጥቶ ሞላ ማስገባትስ? እኔ አልቃወምም፤ ገጠር ለሚመላለስ ሰው ተገቢ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ስህተቱ ከሌላ መኪና የተነቀለ ሞላ ማስገባት ነው። ለመኪናው ክብደት የተሠራ ካልሆነ ዳገትና ኩርባ ላይ አደገኛ ይሆናል።

ይሄን ደግሞ አደራ፦ በአየር ብቻ በቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ። አየሩ በቅጽበት ሊወጣ ይችላል። ክሪክም ብቻውን አይበቃም። ጠንካራ የብረት መደገፊያ ያስገቡ።

ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል፣ በቧንቧ ውሃ መሙላት

«ሞተሩ ይግላል» ሲባል ቴርሞስታቱን፣ ማለትም እንደ ሙቀቱ የውሃውን ዝውውር የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ፣ አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ መፍትሔ ነው። ትክክል አይደለም። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ፣ በተለይ በደሴ ብርድ፣ የሥራ ሙቀቱን ለመድረስ ብዙ ይቆያል። ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። ያጋለው ነገር ደግሞ አልተነካም፦ የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ የውሃ ፓምፕ ወይም የማይዞር ቬንትሌተር ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የማያስበው ትንሽ ዕቃ አለ፤ የኩላንት ማጠራቀሚያው ክዳን። ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ ላይ 94 ገደማ። የሞተሩ ውሃ ግን በጤናው ጊዜም ከ90 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። እንዳይፈላ የሚያደርገው በክዳኑ የታፈነው ግፊትና በውስጡ ያለው ኩላንት ነው። ክዳኑ ከላላና በባዶ ውሃ ከሞሉት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጡ መፍላቱ አያስገርምም። ስለዚህ ፍተሻውን ከክዳኑ ይጀምሩ።

ኩላንት ሞተሩን ከዝገትም ይጠብቃል። የቪ8 ሞተሩ አልሙኒየም ስለሆነ ሙቀት ያጣምመዋል። ጠቋሚው ወደ ቀይ ካለፈ «ደሴ ደርሼ አየዋለሁ» አይበሉ፤ ጥግ ይዘው ያጥፉ። ክዳኑን በትኩሱ አይክፈቱ። አንዴ ክፉኛ ከጋለ ደግሞ ጓርኒሲዮን (የቴስታታውን ማሸጊያ) ከመቀየር በፊት ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ መጣመም አለመጣመሙ ይለካ። ሳይለካ የሚገጠም አዲስ ጓርኒሲዮን ቶሎ ይነፍሳል።

መብራት በበራ ቁጥር ዕቃ መግዛት

ዳሽቦርዱ ላይ ሦስት አራት መብራት በአንዴ ሲበራ አብዛኛው ሰው ኮምፒውተሩ ተቃጠለ ይላል። መጀመሪያ ባትሪውን ይለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 አካባቢ ቢያሳይ ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ባትሪውንና ዲናሞውን ያስፈትሹ፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ከቦዲው ጋር የሚገናኝበትንም ቦታ ያጽዱ። ቮልት ሲያንስ ደህና የሆነውም ሴንሰር የተሳሳተ መልእክት ይልካል።

የኮምፒውተሩ ኮድም ፍርድ አይደለም። የት መፈለግ እንዳለብዎት ይጠቁማል እንጂ ይሄን ግዙ አይልም።

ክረምት ላይ ምንጣፉ ርሶ ካገኙት አይናቁት። የጣሪያው መስኮት ውሃ መውረጃ ቱቦዎች በአቧራ ሲደፈኑ ዝናቡ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሽቦዎቹ ይገባል። ሽቦ ቆርጦ «ዳይሬክት» ማድረግን፣ ማለትም በቀጥታ ማገናኘትንም፣ እምቢ ይበሉ። ቀጣዩ መካኒክ መነሻውን ሲፈልግ ሊውል ይችላል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ መውረድ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳሉ። ዲስከቨሪ 3 ባዶውን 2.5 ቶን ገደማ ይመዝናል። ማርሹን ዝቅ አድርገው ሞተሩ ይያዘው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። በአሮጌው ሬንጅ ሮቨር ላይ ደግሞ ፍሬኑን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ፔዳሉን አንዴ በረገጡ ቁጥር ፓምፑ የሚነሳ ከሆነ ግፊት የሚያጠራቅመው ክፍል ደክሟል። ሳይቀየር ሐረጎን አይውረዱ።

«ለዲስከቨሪ» ብሎ ብቻ ዕቃ ማዘዝ

ዕቃው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። ሶማሌ ተራ ላለ ሰው ደውለው «የዲስከቨሪ ፓምፕ ላክልኝ» ካሉ የሌላ ዓመት ምርት ወይም የሌላ ሞተር ዕቃ ሊደርስዎት ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን ሙሉውን፣ አሮጌው ዕቃ ላይ የተጻፈውን ቁጥርና ፎቶውን አብረው ይላኩ። ሴንሰር ከሆነ ርካሹን አዲስ ከመግዛት ደህና ያገለገለ ኦሪጅናል እመርጣለሁ። የጎማ ዕቃ ግን፣ በተለይ የአየር ከረጢት፣ ያገለገለ አይግዙ፤ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል። አሮጌውን ዕቃ አዲሱ ተገጥሞ እስኪሠራ ድረስ አይጣሉት፤ መካኒኩ ጎን ለጎን አድርጎ ያመሳክረው።